ከሥራ ስለ ተሰናበተ ሰው አቤቱታ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፥ በሾኔም ሆነ በሺንሽቾ፥ ከሥራው ያለ አግባብ የተባረረ ወጣት የቀድሞ አሠሪውን የከሰሰ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ይታዘበዋል። «እንጀራ ያበላህን ሰው ፍርድ ቤት ትገትረዋለህን?» ይሉታል። እናቱ ታፍራለች፤ ዘመድ ይቆጣል፤ የጸሎት ቤት ወንድሞችም መጥተው ክስ የክርስቲያን ሥራ አይደለም ብለው ይገሥጹታል። እኔ ግን ይህን ምክር የሚሰጡት ሰዎች፥ ልባቸው ቅን ቢሆንም እንኳ፥ የድኻውን ኪስ እያራቆቱ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ነገር ደመወዝ ምጽዋት አይደለም። አሠሪው ገንዘቡን ሰጠ፤ ሠራተኛውም ጉልበቱንና ዕድሜውን ሰጠ፤ ማን ማንን እንዳበላ ለመናገር ያስቸግራል። አባቶቻችን ይህን በጉልበታቸው ተምረውታል። ከከምባታና ከሐዲያ እየተነሡ ወደ ወንጂ ወርደው ኤች ቪ ኤ ለሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ሸንኮራ የቆረጡ ሰዎች ታሪክ በየቤታችን አለ። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ ካቦው «ነገ አትምጣ» ያለው ሰው ነገሩን የሚያመለክትበት የሠራተኛ ቦርድ አልነበረም፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ እንሰቱ ይመለስ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛን ጉዳይ የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 210 የወጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። እርሱም ቢሆን በችሮታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የወንጂ ሠራተኞችና መሰሎቻቸው ሥራ እያቆሙና ማኅበር እያቋቋሙ ደክመውበታል። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ዛሬ ሕጉ በእጁ ሳለ «ያሳፍራል» ብሎ ሲቀመጥ ሳይ እጅግ ይገርመኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ሽምግልናን መሸሸጊያ ያደረገ አሠሪ ነው። እርቅን አልጠላም። በመሬት ድንበር፥ በጋብቻ፥ በደም ነገርም ሳይቀር ሴራችን ስንቱን ቤት አድኗል! ነገር ግን የሥራ ሕግ ቀን ይቆጥራል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት፥ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ከተሰናበተበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ሒሳብ፥ ከስንብቱም የተነሣ የሚገባው ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የሽማግሌዎች መመላለስ ይህን ቀን አያቆመውም። አሠሪውም ይህን ያውቃል። ሽማግሌ ሲላክበት በትሕትና ይቀበላል፤ «ያሆዴ ይለፍና እናየዋለን» ይላል፤ ያሆዴ ሲያልፍ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አሞታል። ቡና ይጠጣል፥ ምርቃት ይወርዳል፥ 3ቱም ወር ያልቃል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ልጅ የስንብት ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ የመጣው 5ኛው ወር ሊያልቅ ሲል ነበር። ድርጅቱን አልጠራም። ሽማግሌዎቹ አራት ጊዜ ተቀምጠው ነበር፤ በአራቱም ጊዜ አሠሪው «ልጄ እኮ ነው» እያለ አቅፎታል። ወደ ሥራው የመመለስ ጥያቄው ታግዷል፤ የቀረው የገንዘቡ ጥያቄ ነበር፤ ለዚያውም አንድ ወር ያህል ጊዜ ብቻ።

ገንዘቡስ ቀላል ነውን? በወር 6,000 ብር እየተከፈለው 7 ዓመት ያገለገለ ቋሚ ሠራተኛ እንውሰድ። የቀን ደመወዙ 200 ብር ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ቢፈረድና ወደ ሥራው ባይመለስ፥ ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ፥ ማለት 36,000 ብር ነው። የማስጠንቀቂያው የ2 ወር ደመወዝ 12,000 ብር ይጨመርበታል። የስንብት ክፍያው ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ ለቀሩት 6 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሢሶ እየታከለ የ90 ቀን ደመወዝ፥ 18,000 ብር ይሆናል። በጠቅላላው 66,000 ብር። ለአንድ ምርቃት ይህ ዋጋ አልበዛምን? ክሱን ለማቅረብ የዳኝነት አይከፈልም። ፍርድ ቤቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዝዛል፤ ቀጠሮ ከዚያ በላይ ሲጓተት ማየቴን ግን አልደብቅም።

ስለ ሃይማኖት የሚነገረውንም ልመልስ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና መጽሐፉን ጥቂት ዐውቀዋለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለ መካሰሳቸው ነቅፏቸዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እርሱ ራሱ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ ሹማምንቱ በስውር ሊያሰናብቱት ቢልኩ እሺ አላለም፤ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አስገደዳቸው። በቂሳርያም ይግባኙን ወደ ቄሣር አቅርቧል። ያዕቆብም በመልእክቱ ባለጠጎችን አጥብቆ የገሠጸው ስለ ተያዘው የአጫጆች ደመወዝ ነው። ወንድሞች ሆይ፥ ሠራተኛውን ለመገሠጽ እንደምትሮጡ አሠሪውን ለመገሠጽ ስንት ጊዜ ሄዳችኋል?

ሰርቆ የተባረረ ሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ አይነሣ፤ ለእርሱ አልጻፍሁም። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ዘርዝሯል። ያም ሆኖ አሠሪው ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ጥፋቱን ዐውቆ 30 የሥራ ቀን ዝም ካለም በዚያ ምክንያት ማሰናበቱ ቀርቶበታል።

ሌላም የማይገባኝ ነገር አለ። በሆሳዕና ፍርድ ቤት ደጅ መቆም ያሳፈረው ልጅ፥ ያባቱን መሬት አሽጦ በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ አያፍርም። እዚያ ከሥራው ያለ አግባብ የተባረረ ሰው ለአስታራቂው ኮሚሽን የሚያመለክትበት ጊዜ ደግሞ 30 ቀን ብቻ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ እኔ የምናገረው በግል ድርጅት ለምትሠሩት ነው። የጽሑፍ ውል አልተሰጠኝም ብላችሁ ተስፋ አትቍረጡ፤ የውል ወረቀት አለመኖር መብታችሁን አያጠፋውም። ስትሰናበቱ የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ አሠሪው ያለ ዋጋ ሊሰጣችሁ ይገደዳል። ሽማግሌ ሲመጣ አክብራችሁ ተቀበሉ፤ ነገር ግን አሠሪው ጥያቄያችሁን ማመኑን በጽሑፍ ይፈርም በሉ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይርጋውን ያቋርጠዋልና። አልፈርምም ያለ እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥታችሁ ሸኙ፤ በዚያው ሳምንትም ማመልከቻውን ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቍጥሩን ተቀበሉ።