ከሰሉ ከድንኳን ይውጣልን

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ብርድ ማለት ለእኔ የሐምሌ ዝናብ፣ የራሰ ካልሲና የታክሲ ሰልፍ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የጉዞ አዘጋጆች «የገና ሰሞን ባሌ ድንኳን ጥለን እናድራለን» ሲሉ፣ ዝናብ የለም፣ ፀሐይ አለ፣ ምን ችግር አለው ብዬ ተመዘገብኩ። (ጃኬት ያዙ ተብለን ነበር። ያዝኩ። የሚያምር፣ ስስ ጃኬት።)

ስህተቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። በእኛ አገር ክረምትና ብርድ አንድ አይደሉም። የደጋው ሌሊት ክፉ የሚሆነው በበጋው፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ደመና ሲኖር እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ሲገፈፍ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከዲንሾ ዕቃችንን በፈረስ አስጭነን የገባንበት ወብ ሸለቆ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ድንኳኑ ላይ የተጋገረው ውርጭ በጥፍር ይፋቅ ነበር።

ከጠዋቱ በፊት ግን ሌሊቱ ነበር።

እያንዳንዳችን የተከራየነው ስሊፒንግ ባግ ነበረን፤ ከሥሩ ግን የድንኳኑ ሸራ ብቻ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጥርሳችን መንገጫገጭ ጀመረ። ከመካከላችን አንዱ (ስሙን ብጠራው አይለቀኝም) ቡና የፈላበትን የከሰል ምድጃ አንስቶ ይዞ መጣ። ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም። «ሙቀቱ እንዳይወጣ ዚፑን ዝጊው» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልዘጋው እጄን ዘርግቼ ነበር።

እኔ እኮ ይህንን ዜና በእጄ የጻፍኩ ሰው ነኝ! ጋዜጠኝነት ተምሬ እንደጨረስኩ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተለማማጅ ሳለሁ፣ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ስለተኙ ሰዎች አጭር ዜና ሥሪ ተባልኩ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት። አርባ ሰከንድ። ጨርሼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። «ለምን» የሚለውን አልጠየቅኩም፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ወብ ሸለቆ ውስጥ፣ ጣቶቼ ሲደነዝዙ ነው። ሰው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ስለሚበርደው ነው።

ፍሙ ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ግማሹ ሰው ራሱን እያመመው ስለሚያድር ማንም አይጠረጥርም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ዚፑን ከፈት ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ድንኳን ውስጥ ከሰል አይገባም፣ አለቀ።

ያተረፉን ባለፈረሱ አባት ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ «ልጆቼ፣ ይሄ ውጭ ነው ቦታው» ብለው ምድጃውን ከእጁ ወሰዱት። ከዚያ መኝታቸውን አሳዩን፤ ገለባ የሞላ ማዳበሪያ፣ በላዩ ከኮርቻው ሥር የሚሆነው ወፍራም ልባስ። መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ብርድ ከዚህ» አሉ። ትርፍ ባዶ ማዳበሪያም ሰጡን። ቦርሳዎቻችንንና ትርፍ ልብሳችንን ጨምረን ከሥራችን አነጠፍን። እንቅልፍ መጣ፣ ታምናላችሁ?

ምስጢሩ ቀላል ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በሚይዘው አየር ነው፤ በጀርባችን የተጫንነው በኩል ግን አየሩ ይጨመቅና ምንም አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብ ካጠራችሁ መጀመሪያ ከሥር ለሚነጠፈው አውጡት። ለስፖርት የሚዘረጋው ምንጣፍ እንኳን ሁለት ሲደራረብ ከባዶ መሬት በብዙ ይሻላል። በእግር ስትጓዙ ያላባችሁን ካኔተራ አውልቁትና ደረቅ ልብስ ቀይሩ፤ የራሰ ጥጥ ሌሊቱን ሙሉ ያበርዳችኋል። ከሰልባጅ ተራ የሚገኝ የሱፍ ሹራብ ከእኔ ጃኬት አሥር እጅ ይበልጣል። ሙቅ ውኃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት (የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ለፈላ ውኃ አይሆንም፣ ይጨማደዳል)። ከመተኛታችሁ በፊት ብሉ። ባሌ ላይ ደግሞ ጭኮ አለ፤ ገብስና ቅቤ፣ ለዚያ ሌሊት የተሠራ ምግብ ነው። አረቄው ግን ይቅር። ሲጠጣ የሚሞቀን ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፤ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል።

በነጋታው ጠዋት ቀይ ቀበሮ አየን። ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ምቀኝነት ተሰማኝ።

አሁን ወደ አዘጋጆቹ ልምጣ። ከወዲያ ወዲህ የሚለጠፉትን የጉዞ ማስታወቂያዎች አይታችኋል፤ የእሳት ዳር ፎቶ፣ ጊታር፣ «ቲሸርትን ይጨምራል»። እኛም ቲሸርቱን ወስደናል። ማንም ግን ከሥራችሁ ምን ይነጠፋል ብሎ አልጠየቀንም፤ ስለ ከሰልም አንድ ቃል የነገረን የለም። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የከተማ ልጅ ገና በብዛት ይሄዳል። የቲሸርቱን ገንዘብ ወደ ምንጣፍ ብትቀይሩት ማን ይከፋዋል?

አንድ ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው «ካልተቸገርሽ ምኑን ካምፒንግ ሆነ?» አለኝ። ይሄ ጀግንነት አይገባኝም። በየአሥር ደቂቃው እየነቃ ያደረ ሰው በነጋታው ተራራውን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የሚያየው። ደግሞም ምድጃውን ያስገባው እሱ ራሱ ነበር።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ትርፍ ያሉንን ማዳበሪያ የሰጡን ባለፈረስ ያደሩት ከድንኳናችን ውጭ ነው። ከከፈልነው ውስጥ ለእሳቸውና ለጓደኞቻቸው ድንኳን የሚሆን እንዳለ አዘጋጁን ጠይቄው ነበር። «እነሱ ለምደውታል» አለኝ። ለጥር ጉዞ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።