መዶሻውን አስቀምጡልን

ሰፊ ቸርኬ ያምራል፤ በዚህ አንጣላም። የምንጣላው አሮጌ ስፖርት መኪና ላይ የተገጠመ ሰፊ ጎማ ፓራፋንጎ በነካ ቁጥር «ትንሽ ከፈት እናድርገው» እያሉ መዶሻ ከሚያነሱት ጋር ነው። የስንት ዘመን ቆርቆሮ እኮ ነው! ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝገት ይገባል።

እስቲ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የመጀመሪያውን ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 እንውሰድ። የፋብሪካ ቸርኬው 14 ኢንች፣ ወርዱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው መኪናው ላይ የሚታሰርበት ገጽ ከወርዱ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደወጣ የሚናገር ቁጥር ነው። (ብዙ ጊዜ ቸርኬው ላይ ተጽፏል፤ አንባቢ አጣ እንጂ።) ወርዱን 7 ኢንች ስናደርገው 38 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ኦፍሴቱ 45 እንደሆነ ከቆየ 19 ወደ ውጭ፣ 19 ወደ ውስጥ ይካፈላል። 35 ከሆነ ግን 29ኙ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ወርዱ ያው፣ ጣጣው ሌላ!

«ስንት ኢንች?» ብቻ ብሎ የሚሸጥልን ሰው ግማሹን ደብቆናል። የጎማው ቁመትም አለ። የፋብሪካው 185/60 አር 14 ጎማ 578 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 195/50 አር 15 ደግሞ 576። ይህን ትቶ ትልቅ ጎማ መጫን፣ ሞላ መቁረጥ፣ ከዚያ «ነካብኝ» ማለት ምን ይሉታል?

ነገሩ የድምፅ ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ስንገባ ስለታሙ የፓራፋንጎ ጠርዝ የጎማውን ትከሻ ይቆርጠዋል፤ አጠገባችን ደግሞ ሰው ተቀምጧል። አስቀድመን እንለካ። ከገጠምን በኋላም ጓደኛ ጭነን መሪውን እስከ ጥጉ አዙረን እንየው። ያኔ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከጎደለን፣ ቀለሙን አሙቆ ጠርዙን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ለሚያጥፍ ባለሙያ በደስታ እንከፍላለን።