የሾርት ምልክት ፍርድ አይደለም፦ የቫልቭ መመርመሪያን በጥንቃቄ ስለ መጠቀምና ምልክቱን ስለ መተርጎም

የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ድምፅን የሚያሰራጨው መሣሪያም ሆነ ሥርጭቱን የሚቀበለው ራዲዮ በቫልቭ፣ ማለትም አየሩ በተሟጠጠ የመስታወት ቱቦ ይሠራ ነበር። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ቫልቭ ቦታውን ቀስ በቀስ ለቀቀ። ዛሬ አንድ የቫልቭ ራዲዮ ከቆጥ ወይም ከሣጥን ሲወጣ የቴክኖሎጂ ታሪክ ማስረጃ ነው። የዚህ ማስረጃ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ግን በአንዲት ትንሽ ኒዮን አምፖል ነው፤ መመርመሪያው ላይ አምፖሏ ስትበራ ቫልቩ «ሾርት አለበት» ተብሎ ይጣላል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን ልማድ ነው። የሾርት ምልክት የምርመራ መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይገባም።

ጉዳዩ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር የራሱ ገጽታ አለው። በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች የኤሌክትሪክ መስመር ባልነበረበት ዘመን ሊያገለግል የሚችለው የቫልቭ ራዲዮ በባትሪ የሚሠራው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ራዲዮ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይፈልጋል፤ አንዱ ፊላመንቱን ለማጋል 1.5 ቮልት ገደማ፣ ሌላው ለፕሌቱ አብዛኛውን ጊዜ 67.5 ወይም 90 ቮልት ይሰጣል። የቫልቮቹ ፊላመንት እጅግ ቀጭን ሲሆን የሚሠራውም በ1.4 ቮልት ነው። መመርመሪያው በስሕተት ለ6.3 ቮልት ተስተካክሎ ከሆነ ፊላመንቱ ወዲያው ይቃጠላል። ምትኩን ደግሞ በነፋስ መውጫ ወይም በወገዳ ገበያ ማግኘት የሚታሰብ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የቫልቩን ስም ማንበብ ነው። በአሜሪካ አሰያየም መነሻው ቁጥር የፊላመንቱን ቮልቴጅ ይጠቁማል፦ 1አር5 ለ1.4፣ 6ቪ6 ለ6.3፣ 12ኤኤክስ7 ለ12.6 ቮልት ነው። በአውሮፓ አሰያየም መነሻው ፊደል ይህንኑ ይናገራል፤ ዲ 1.4፣ ኢ 6.3 ቮልት ማለት ነው። በመስታወቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ በቀላሉ ይለቃል። ለዓመታት የምድጃ ጢስ ያጠቆረውን ቫልቭ በእርጥብ ጨርቅ የሚያሽ ሰው ጥላሸቱን ብቻ ሳይሆን የቫልቩን ማንነትም ሊያጠፋ ይችላል። አስቀድሞ ስሙን መመዝገብ፣ ከዚያም እግሮቹንና ሥሩን ብቻ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ይበጃል። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ካርቦን ያዘለ ጥላሸት እርጥበት ሲያገኝ በእግሮቹ መካከል ጥቂት ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍና በውስጡ ጤነኛ የሆነውን ቫልቭ ሾርት ያለበት ሊያስመስል ይችላል። የጉና ተራራን ጉም ለሚያውቅ አካባቢ ይህ ሩቅ ግምት አይደለም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመርማሪው ደኅንነት ነው። ለአሜሪካ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ የተሠራን መመርመሪያ በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መስመር ላይ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው። ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢኖርም በ50 ኸርዝ የመመርመሪያው ትራንስፎርመር ይበልጥ ሊግል ስለሚችል ለረጅም ጊዜ ማብራት አይገባም። አውቶትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይቀንሳል እንጂ መሣሪያውን ከመስመሩ አይለይም፤ ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ያሉት ትራንስፎርመር ይመረጣል። የቆየ የኤሌክትሪክ ገመድ መፈተሽ፣ ፊውዝ መኖሩን ማረጋገጥ፣ በምርመራ ጊዜ ባዶዎቹን ሶኬቶች አለመንካትም ግዴታ ነው፤ ከመቶ ቮልት በላይ ሊኖርባቸው ይችላልና። በአንዳንድ የሂኮክ መመርመሪያዎች ውስጥ ያለው 83 የተባለው ቫልቭ ሜርኩሪ ስለያዘ ቢሰበር ትነቱ መርዛማ ነው።

የሾርት ፈተና ከጥንካሬ ፈተና መቅደም አለበት፤ በእርግጥ ሾርት ያለበት ቫልቭ ወደ ቀጣዩ ፈተና ካለፈ የመመርመሪያውን ቆጣሪ ሊጎዳ ይችላልና። ዋናው የትርጓሜ ጥያቄም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ማብሪያው ሲዞር ለቅጽበት ብልጭ ብላ የምትጠፋ አምፖል በአብዛኛው የካፓሲተር መሙላትን እንጂ ብልሽትን አታሳይም። ፈተናውን በኤሲ በሚያካሂዱ መመርመሪያዎች ላይ በኒዮኗ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ዘንጎች ከበሩ ኤሌክትሪክ በሁለቱም አቅጣጫ እያለፈ ነው፤ ይህ የእውነተኛ ሾርት ወይም የመፍሰስ ጠባይ ነው። አንዱ ዘንግ ብቻ ከበራ ግን ፍሰቱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከጋለው ካቶድ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ራሳቸው ምልክቱን ፈጥረውት ሊሆን ይችላል።

ከአሠራሩ የተነሣ ሾርት የሚመስል ቫልቭም አለ። በኢኤል84 ውስጥ ሦስተኛው ግሪድ ከካቶዱ ጋር በፋብሪካ ተያይዟል። የ3ቪ4 ፊላመንት ከመካከሉ መውጫ ስላለው ሦስት እግሮች እርስ በርሳቸው የተገናኙ ሆነው ይታያሉ። የቫልቩን የእግር አቀማመጥ ሥዕል ሳያይ የሚፈርድ መርማሪ የፋብሪካውን ንድፍ እንደ ብልሽት ይቆጥራል። በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ደኅና የሆነ ቫልቭ ሲግል ብቻ በፊላመንቱና በካቶዱ መካከል ሊያፈስ፣ ወይም በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲነካ ብቻ ሾርት ሊያሳይ ይችላል። በተራ መልቲሜትር መለካት የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ቫልቩን በቀዝቃዛው፣ በጥቂት ቮልት ብቻ ይፈትነዋልና።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ራዲዮው ላይ ሰክቶ መሞከር አይሻልም ወይ?» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሾርት ያለበት ቫልቭ የራዲዮውን ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል። ያ ከተቃጠለ አንድ ቫልቭ ለማዳን የተደረገው ሙከራ ራዲዮውን በሙሉ ያሳጣል። በችኮላ መጣልም በችኮላ መሰካትም ኪሣራቸው አንድ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ካርድ ይበቃል፦ ስሙ፣ የተመረመረበት ቀንና መሣሪያ፣ አምፖሏ በየትኞቹ እግሮች ላይ እንደ በራች፣ ቫልቩ ቀዝቃዛ ወይም የጋለ እንደ ነበር፣ ብልጭታው ቅጽበታዊ ወይም ቋሚ መሆኑ ይጻፍበት። ተጸድቶና ደርቆ እንደገና ሲፈተን ምልክቱ ከጸና «ሾርት» ይባል፤ ካልጸና «አጠራጣሪ» ተብሎ ይቀመጥ። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቅርብ የሆነው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥራ ለኤሌክትሪካል ምህንድስናና ለቅርስ ጥናት ተማሪዎች የጋራ ልምምድ ቢያደርጉት ተማሪው ምልክትን ከመንስኤው መለየት ይማራል። ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከአርብ ገበያ ራዲዮውን ይዞ የሚመጣው ባለቤትም ንብረቱ የተጣለበትን ወይም የተረፈበትን ምክንያት በጽሑፍ ያገኛል።