የደዌው ጠባይ ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝ

አስተዋይ ዳኛ የሁለቱን ወገን ነገር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ፣ አስተዋይ ሐኪምም የደዌውን ጠባይ ሳይመረምር መድኃኒት ሊያዝ አይገባውም። ይህ ሥርዓት ለበሽታ ሁሉ የተገባ ሲሆን፣ ዛሬ በተለይ ስለ ጡት ካንሰር ልንናገር ወደድን፤ በአገራችን ሴቶችን ከሚይዘው ካንሰር ሁሉ የሚበዛው እርሱ ነውና፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከበረታ በኋላ ነውና።

የጡት ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ዕጢ ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን ኃይል ያድጋል፤ አንዳንዱ ሄር 2 የሚባለው ፕሮቲን በዝቶበት ይፋጠናል፤ አንዳንዱም ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አያሳይም። ይህም የሚታወቀው ከዕጢው ጥቂት ሥጋ ተወስዶ፣ በላቦራቶሪ በልዩ ቀለም ተዘጋጅቶ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ለፊተኛው እንደ ታሞክሲፌን ያለ በአፍ የሚዋጥ ርካሽ መድኃኒት ይረዳል፤ ለሁለተኛው ትራስቱዙማብ ይሰጣል፤ ለሦስተኛው ግን ሁለቱም አይረቡትም፤ ሌላ ሕክምና ይፈለግለታል።

ነገሩ መሠረት የሌለው አዲስ ወሬ አይደለም። የስኮትላንዱ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን እንቁላል አመንጪውን ዕጢ በማውጣት የበረታ የጡት ካንሰር ሊቀንስ እንደሚችል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ገልጦ ነበር። ትራስቱዙማብም በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አግብቶታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከታከሙት ከ350 የሚበልጡ ሴቶች ተመርምረው በ2014 የታተመው ጥናት፣ ከመቶው 65 ያህሉ ዕጢያቸው ኤስትሮጅን ተቀባይ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ምርመራው ቢቀር፣ ርካሹ ኪኒን የሚጠቅማት ሴት ሳታገኘው ትቀራለች፤ የማይጠቅማትም በከንቱ እየዋጠች ጊዜዋን ታባክናለች።

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በአያትና በኮተቤ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በዝተዋል፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የሕንፃ ብዛት ብቻውን ሕሙማንን አያድንም። ከዕጢው የተቆረጠው ሥጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ በዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። በሳህን ላይ ቢውል ወይም ያለ ፎርማሊን በመገናኛ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ቢቆም፣ ምልክቱ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የተሻለው ላቦራቶሪ እንኳ የሐሰት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ደግሞም ደዌው ወደ ሌላ አካል ሲሰራጭ ጠባዩ ሊለወጥ ስለሚችል፣ በተቻለ መጠን ከአዲሱ ስፍራ ሥጋ ተወስዶ እንደገና መመርመር ይገባዋል።

ስለዚህ የሹማምንቱ ተግባር ግልጽ ነው። ሥጋ የሚቆርጥ ክሊኒክ ሁሉ የተቆረጠበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት በመዝገብ እንዲጽፍ ይታዘዝ፤ መፈጸሙንም ተቆጣጣሪ ይመልከት። ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል ከውጭ ሲመጣ በጽሕፈት ቤት ብዛት አይዘግይ፤ የምርመራው ዋጋም ድኻይቱን ከደጅ እንዳይመልሳት በጤና መድን በኩል መንገድ ይፈለግለት። ምርመራው ገንዘብ ያስወጣል የሚል ቢኖር፣ ያለ ምርመራ የተሰጠ መድኃኒት የሚያባክነውን ገንዘብና የሚያጠፋውን ሕይወት ያስላ።

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ብዙ ሴት በጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ለሐኪም ከማሳየቷ በፊት ለነፍስ አባቷ ትናገራለች፤ ወደ ጠበልም ትሄዳለች። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር የሚያስተምረውን ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እንግዲህ የነፍስ አባት ልጁን «ጠበሉን ተጠመቂ፤ ሐኪም ቤትም ሳትዘገዪ ሂጂ፤ የጀመርሽውን መድኃኒት አታቋርጪ» ቢላት፣ የሹም ማስታወቂያ ከማይደርስበት ልብ ቃሉ ይደርሳል።

ሹሙ በትእዛዙ፣ ሐኪሙ በጥበቡ፣ ካህኑ በምክሩ ቢተባበሩ፣ ብዙ እናት ለልጆቿ ትተርፋለች፤ የማትድነውም ዕድሜዋ ይረዝማል፤ ሥቃይዋም ይቀላል።