ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ የሙዚቃ ትምህርት በር ለዜማ ሊቃውንትም ይከፈት

ይድረስ ለክቡር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትና ለክቡራን የሴኔቱ አባላት፤

ሙዚቃ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ሊጠና የሚገባው ጥበብ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም፤ የቅዱስ ያሬድን ስም የተሸከመው ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲያችሁ ሥር ገብቶ ተማሪዎቹን በዲግሪ ማስመረቅ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታልና። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ በስሙ የሚጠራበት ያ ታላቅ ሊቅ የተከለውን ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ እያስተላለፉ እዚህ ዘመን ያደረሱት መምህራንና ደቀ መዛሙርቶቻቸው በአብነት ትምህርት ቤት ያገኙት ማዕረግ፣ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሚዛን ላይ ክብደት የሌለው መሆኑ ነው።

የዚህን ማዕረግ ክብደት ለመረዳት የሚገኝበትን መንገድ መመልከት ይበቃል። የዜማ ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ዳባ ለብሶና አኮፋዳ አንግቶ፣ የዕለት ምግቡን ከመንደር እየለመነ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን አስቀድሞ፣ ከዚያም ድጓውን በየወቅቱና በየበዓሉ ተከፋፍሎ እንደ ተደረሰ በቃሉ ያጠናል፤ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን እየለየ፣ ይዘትንና ደረትን፣ ርክርክንና ድፋትን፣ ጭረትንና ቅናትን፣ ሂደትንና ቁርጥን የተባሉትን የዜማ ምልክቶች በየፊደሉ ራስ ላይ እያነበበ ጉሮሮውን ይገራል። ድጓውን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ሊቃውንት ይሻገራል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ መሪጌታ የተባለ ሰው ብዙ የውጭ አገር የሙዚቃ ምሩቃን ከወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ሊይዙት የማይችሉትን ሰፊ ድርሰት በልቡናው ተሸክሞ ይኖራል፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ከሌለው ግን ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ልማር ቢል እንደ ማንኛውም ያልተማረ ሰው ከበሩ ይመለሳል።

የእነዚህን ምልክቶች ታሪክ ያስታወሰ ሰው ይህ ከበር መመለስ ምን ያህል የማይገባ እንደ ሆነ ያስተውላል። ዜማውን በጽሑፍ ለማቆየት የሚያገለግሉት ምልክቶች፣ በሊቃውንቱ ትውፊት መሠረት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተባሉ መምህራን የተሰናዱ ናቸው። እንግዲህ ይህች አገር ድምፅን በጽሕፈት የማኖርን ጥበብ ከውጭ እስኪመጣላት ድረስ አልጠበቀችም፤ ራሷ ደክማ ያገኘችው ዕውቀት አላት። ይህንም የባሕር ማዶ ሊቃውንት ዐውቀው ወደ መምህሮቻችን መጥተዋል፤ ኬይ ሼልሜይና ፒተር ጀፈሪ የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ መርምረው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ድረስ በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። እነርሱ ከሩቅ መጥተው የጠየቁትን መምህር እኛ በቅርብ ሳለን አለመጠየቃችን ሊያሳስበን ይገባል።

በቃል የሚተላለፈውንና በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ዕውቀት ማገናኘት የማይሞከር ነገር ነው የሚል ካለ፣ የራሱ የያሬድ ትምህርት ቤት ታሪክ ይመልስለታል። ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ቤቱ መሪዎች አንዱ የነበሩት አሸናፊ ከበደ፣ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩትን ጥበብ ይዘው ተመልሰው፣ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን ለኦርኬስትራ ሲጽፉ የአገራቸውን ቅኝት አልተዉም። በገናን ለዓለም ያስተዋወቁት ዓለሙ አጋም በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊን ሲሆን፣ በያሬድ ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማሩት ግን በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የቀሰሙትን የበገና ጥበብ ነው። አንድ ሊቅ በቃል ያስተማረው ዕውቀት በዘመናዊ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፍሬ ማፍራቱ እንግዲህ በዐይን የታየ ነገር ነው፤ የጎደለው ይህን በአንድ ሰው ዕድል የተፈጸመውን ወደ ሥርዓት መለወጥ ብቻ ነው።

የድጓው ዜማ ለአምልኮ የተሠራ እንጂ ለአዳራሽ ትርዒት ያልተሠራ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ልመናዬም ማኅሌት በመድረክ እንዲቆም አይደለም፤ ዜማው በተፈጥሮውና በሥርዓቱ እንዲመረመር፣ የሚያውቁትም ሰዎች እንደ ዐዋቂ እንዲከበሩ ነው። ከዚህም ሌላ ኢትዮጵያ የአንድ እምነትና የአንድ ልሳን አገር ባለመሆኗ፣ በሩ ሲከፈት ለሁሉም ሊከፈት ይገባል፤ የወሎ የመንዙማ ባለሙያ፣ ድምፅን በድምፅ ላይ እያነባበሩ የሚያዜሙት የዶርዜ አዛውንት፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በአንዲት ክር ማሲንቆ ላይ እያፈራረቀ የሚያዜመው አዝማሪ፣ ሁሉም በየመልኩ የረቀቀ ትምህርት ያላቸው መምህራን ናቸው። አዝማሪን ስንንቅ የኖርን ሕዝብ መሆናችንን ማስታወስ ያሳዝናል፤ ከዚህ ንቀት የመጀመሪያው የሚላቀቅ ደግሞ የዕውቀት ማደሪያ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። አንደኛ፣ በአብነት ትምህርት ቤት የተመሰከረለት የዜማ ደቀ መዝሙር፣ እንዲሁም በሌላው ትውፊት በመምህሩ የተመሰከረለት ባለሙያ፣ ዕውቀቱ በሊቃውንት ጉባኤ ተመዝኖ ወደ ሙዚቃ ዲግሪ ትምህርት የሚገባበት፣ የተማረውም በዲግሪው ውስጥ የሚታሰብለት ሥርዓት ይዘርጋ፤ በመዛኙ ጉባኤም ውስጥ መሪጌቶችና የትውፊት ባለቤቶች ከፕሮፌሰሮች ጋር እኩል ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ ዲግሪ ያልያዙ ነገር ግን በሙያቸው የታወቁ ሊቃውንት በቋሚ መምህርነት የሚቀጠሩበት ደንብ ይውጣ፤ ለእንግድነት ተጠርቶ ለአንድ ሰዓት የሚናገር ሊቅ ተማሪን ሊያሠለጥን አይችልምና። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ተመራቂ፣ ዋና መሣሪያው ፒያኖም ይሁን ክራር፣ ቫዮሊንም ይሁን ዋሽንት፣ ከአንድ መምህር በቃል የተቀበለውን ዜማ በኖታ ጽፎ፣ አፈጣጠሩን ተንትኖ ሳያቀርብ አይመረቅ፤ ሥራውም ከድምፅ ቅጂው ጋር በስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በክብር ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ታላቅ ወጪን የሚጠይቅ አይደለም፤ ይልቁንም የሚጠይቀው በዕውቀት ላይ ያለንን ሚዛን ማስተካከልን ነው። በአንጻሩ መዘግየቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ መምህሩ ሲያልፍ በቃሉ የያዘው፣ በጽሑፍም ያልተቀዳው ሁሉ አብሮት ያልፋልና። ክቡራን ሆይ፣ የመቀበልና የመመዘን ሥልጣን በእጃችሁ ነው፤ ጉዳዩ በመጪው ስብሰባችሁ መወያያ ሆኖ እንዲቀርብ፣ ውሳኔውም ሊቃውንቱ በሕይወት ሳሉ እንዲሰማ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።