ውሃ በዋዕይና በቍር አገር

ማድጋው ጐድሎ ስናገኘው ውሃ ቀጂዋን ለመቈጣት የምንቸኵል ኹላችን፥ ዋዕይ የጸናበትን አገርና ቍር የጸናበትን አገር የቤት ኑሮ ብናስተያይ መልካም ነው።

ዳሎል በአፋር ምድር ከባሕር ጠለል በታች ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ዓ. ም. ሲለካ የዓመቱ መካከለኛ ሙቀት 34 ነጥብ 6 ዲግሪ ኾኗል። ኦይምያኮን ደግሞ በሩሲያ አገር በያኩት ሕዝብ ምድር ያለ መንደር ነው፤ በዚያ በ1933 ዓ. ም. ብርዱ ከዜሮ በታች 67 ነጥብ 7 ዲግሪ ደርሷል።

ያኩቶች ከወንዝ ዳር እየኖሩ ውሃ ይቸግራቸዋል ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን መሬቱ እስከ ጥልቁ የረጋ ስለ ኾነ ቧንቧ ለመቅበር አይመችም። ስለዚህ የብርዱ ወራት ሲገባ የወንዙን በረዶ እንደ ጥርብ ድንጋይ እየቈረጡ ከቤታቸው አጠገብ ይከምሩታል፤ ለወጥና ለሻይ በተፈለገ ጊዜ አንዱን ወደ ውስጥ አግብተው በምድጃ ዳር ያቀልጡታል። ወተቱም በሳሕን ረግቶ እንደ ዳቦ ክብ ኾኖ ለገበያ ይቀርባል፤ ይህን ስንሰማ እጅግ ተደነቅን።

የአፋር እናት ቤቷን ራሷ ከጐበጠ እንጨትና ከሰሌን ትሠራለች፤ ግጦሽ ሲያልቅም አፍርሳ በግመል ትጭነዋለች። ውሃውን ከሩቅ የምታመጣው በፍየል ቆዳ ስልቻ ነው።

እንደ እኛ አሳብ የእርሷ ጭንቅ ይበልጣል። ቍርን በእሳትና በጠጕር ልብስ ይመክቱታል፤ ዋዕይን ግን ልብስ ማውለቅ አያርቀውም። የያኩት እመቤት ክምሩን አይታ ለስንት ሳምንት እንደሚበቃት ታውቃለች፤ የአፋር እናት ግን ስልቻው በጐደለ ቍጥር ከልጇና ከፍየሎቿ ለማን እንደምታስቀድም ትመዝናለች።