የማይደርቅ ቄጤማ

ያጎቴ ልጅ መካነ ሰላም ላይ ቤት ሠርቶ ጨረሰና ባለፈው ጥቅምት «ናና መርቅልኝ» አለኝ፤ ሄድሁ። የግቢውን በር አልፌ ስገባ ዓይኔን የሳበው ቪላው አልነበረም። በረንዳው ሥር፣ ሠላሳ ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ፣ አንዱ ቅጠል ከሌላው የማይበልጥበት አረንጓዴ ሣር ተዘርግቷል። ጎንበስ ብዬ ብዳስሰው አቃጠለኝ። ላስቲክ ነው! ሳሎን ስንገባ ደግሞ የዚያው ሣር ታናሽ ወንድም ረከቦቱ ሥር ተነጥፎ ጠበቀን። ክረምቱ ገና በወጣበት፣ የቦረና መስክ ሁሉ ለምለም በሆነበት ወር፣ ባሕር ተሻግሮ በኮንቴይነር የመጣ ቄጤማ ከበን አቦሉን ጠጣን።

«ይሄ ለምን አስፈለገ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ውኃ አይል፣ አጨዳ አይል፣ ጭቃ የለው። ወጪው አንድ ጊዜ ነው» አለኝ። እንግዶቹም አንገታቸውን ነቀነቁለት። በዚያን ዕለት ለምርቃት ተጠርቼ ነበርና ዝም አልሁ። አሁን ግን ዝም አልልም።

ለመሆኑ ይህ የላስቲክ ሣር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ አስትሮዶም የሚባል ጣሪያ ያለው ግዙፍ የቤዝቦል ስታዲየም ተከፈተ። ጣሪያው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተሠራ ስለነበር ሥሩ እውነተኛ ሣር ተተከለ። ተጫዋቾቹ ግን ነጸብራቁ ኳሷን ሰወረብን ብለው አመለከቱ፤ ጣሪያው ቀለም ተቀባ፤ ሣሩም ፀሐይ አጥቶ ሞተ። በማግስቱ ዓመት በምትኩ የናይለን ሣር ተነጠፈና በስታዲየሙ ስም አስትሮተርፍ ተባለ። እንግዲህ ይህ ዕቃ ስሙን ያገኘው ፀሐይ ከተነፈገ ቤት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠችው መካነ ሰላም ምን ጎድሏት ይሆን የምትበደረው? ጣሪያ አላበጀንባት!

እርግጥ የውኃው ነገር ቀልድ አይደለም። ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ በሚገባበት ቤት ሣር ላጠጣ ማለት ነውር ነው። ግን ሣር በበጋ አረንጓዴ መሆን አለበት ያለን ማነው? ይህ ምኞት የሆቴል ምኞት ነው። ሰርዶ በጥር ይገረጣል እንጂ አይሞትም፤ ግንዱ አፈር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ብቅ ይላል። ገበሬ አምርሮ የሚጠላው ለዚሁ ነው፦ ነቅሎ ስለማይጨርሰው። ገበሬ የተማረረበት ጉልበት ለግቢ ግን በረከት ነው። ሰኔ ላይ ነቅለው፣ ቆራርጠው፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት ይትከሉት፤ አረም ይንቀሉለት፤ እየተሳበ ሄዶ መሬቱን ይሸፍነዋል። ውኃ አጠጪው ክረምት ነው።

የላስቲኩ ነገር ደግሞ በንክኪ ብቻ አያበቃም። በጠራራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ሕያው ሣር ከቅጠሉ ውኃ ስለሚያተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ላስቲክ የሚያተነው ነገር የለውም። ያጎቴ ልጅ ልጆች በቀትር ባዶ እግራቸውን እንደማይረግጡት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለልጆች መጫወቻ ነው የተባለው ግን እሱው ነበር። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ሲነጭና ሲበጣጠስስ? ቅጠሉ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ጀርባው ሌላ ዓይነት፣ ሁለቱም በማጣበቂያ የተያያዙ ስለሆኑ ለይቶ እንደገና መጠቀም አስቸጋሪ ነው። ጥግ ላይ ይጣላል፤ ብጥስጣሹን ጎርፍ ይወስደዋል፤ የቦረና ጎርፍ መጨረሻው ደግሞ ዓባይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ያጸደቅን ሰዎች ሠላሳ ካሬ ሜትር ፌስታል በክብር መሬት ላይ እናነጥፋለን። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንዲህ ዓይነት የኳስ ሜዳዎች ላይ የሚነሰነሰው የጎማና የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከስምንት ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል። እኛ ገና መግዛት መጀመራችን ነው።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የሳሎኑ ነው። ቄጤማ የሚጎዘጎዘው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ መስሏቸዋል! ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ዛሬ ስለታጨደ ነው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ በዓል ነው ተብሎ፣ ለወዳጃው ተብሎ አንድ ሰው ወንዝ ወርዶ አጭዶታል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ሲረገጥ ይደቃል፤ ነገ ይጠወልግና ተጠርጎ ለጥጃ ይሰጣል። መድረቁ ነው ክብሩ። የማይደርቀው ጉዝጓዝ ግን ለእንግዳ አልተነጠፈም፤ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም እዚያው ነው። ቡና ይፈስበታል፣ የፈንዲሻ ፍርፋሪ ይሰገሰግበታል፣ በኦሞ ይታጠባል፣ ሽቦ ላይ ይሰጣል። በበዓል ዋዜማ እስር ቄጤማ ታቅፈው ገበያ የሚቆሙት ልጃገረዶችም አንድ ደንበኛ አጡ። ቄጤማ የሚበቅልበት ረግረግ እየታረሰ መምጣቱን አውቃለሁ፤ ግን ገዢ የሌለውን ረግረግ ከማረስ ምን ያግዳል?

ደግሞስ በማን አገር! ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከደንቆሮ ጫካ በላይ ባለው ደጋ፣ ጭላዳ ሣሩን እየነጨ ይውላል፤ ቀይ ቀበሮ እዚያው ጓሳው መሐል አይጥ ያድናል። ለሣር ድሆች አይደለንም።

በዚያን ዕለት ከሁላችን ቀድማ የተናገረችው አክስቴ ናት። በረንዳው ጫፍ ቆማ ሣሩን በከዘራዋ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይኸን ፍየሏ ብትበላው ምን ትሆናለች?» አለች።

ያጎቴ ልጅ ሳቀ። «እታባ፣ ፍየል አትገባም፤ በሩ ዝግ ነው» አላት።

«እንዲያ ከሆነ ሣር አይደለማ» ብላ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ስንከራከር ከርመን፣ ከአጥሩ በኩል ሁለት ካሬ ሜትሩን ሊያነሳልኝ ተስማምቷል፤ ለፈተና ነው ይላል። ሰኔ ላይ እሄዳለሁ። ሰርዶውን ከመንገድ ዳር የምነቅለው እኔ ነኝ።